ያለ ገመድ

ድንጋይ ሺህ ዓመታት ውኃ ውስጥ ቢከርም
ዋና አይማርም ይላሉ፤ አንቺን ያየ የለም።
ጨለማው ባሕርሽ ነው፣ ፀሐይዋ ደሴትሽ፤
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ቀን ነው አንድ ዙር ዋናሽ፤
በቬነስ ደጅ አልፈሽ፣ በማርስ ጓሮ ወጥተሽ፣
የእኛን ጎዳና ሁለቴ፣ ሳትረግጪው ተሻግረሽ።

ዊልፍሬዶ እባላለሁ። የገመድ ቀቢ ነኝ።
አሬሲቦ ገደል ላይ ሠላሳ ዓመት የዋልኩኝ፣
ነጭ ቀለም በባልዲ፣ ቀበቶ በወገቤ፣
ዝገት ስፍቅ፣ ስቀባ፣ እንደ ሸረሪት ተስቤ።
ከሥሬ ሰፊው ሳህን፣ ወንፊት የመሰለ፣
ከሳህኑ ሥር ጫካ፣ ጫካው ጩኸት ያዘለ፤
"ኮ-ኪ" ትላለች ኮኪ፣ እንቁራሪቷ፣ ከአውራ ጣቴ አትበልጥ፣
ሌሊቱን ሙሉ ግን ሸለቆውን ስታናውጥ።

ያወቀችሽ ኔሬይዳ ናት፤ እኔማ ምን አውቄ፣
ከክፍሏ ደጃፍ እቆማለሁ፣ ቀለሜን ከእጄ ፍቄ።
ሹራብ ደርባ ትጠራሻለች፣ በማይታይ ጨረር፤
ጠርታም ዝም ትላለች። መላ አካሏ ጆሮ ነበር።

ዐሥራ አምስት ሰከንድ።

ሄዶ፣ የጨረቃን መንገድ ስድስት እጥፍ ርቆ፣
ድምፁ ሲመለስ፣ ደክሞ፣ እንደ ድር ደቅቆ፣
"ሰማህ?" ትለኛለች። እኔ ምን እሰማለሁ!
"የገደል ማሚቶ ናት። ገደሉን ግን ሰማይ ላይ አየሁ።"

መልክሽ በስክሪኑ ላይ በነጥብ በነጥብ ተሸመነ፤
ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ፣ ወገቡ የቀጠነ።
ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለኩሽ፣ ከሳህናችን ብዙም አትበልጪ፤
ከሰል ነሽ፤ ከመቶ ብርሃን ዘጠና ስድስቱን የምትውጪ።
ጀርባሽ ዞሮ ፊት እስኪሆን ግማሽ ቀን ታስጠብቂያለሽ፤
ከፀሐይ የጠጣሽውን ሙቀት ማታ ትተነፍሻለሽ፤
በዚያች ትንፋሽ ተገፍተሽ፣ እንደ ሰካራም፣ በዓመት
ሁለት መቶ ርምጃ ያህል መንገድሽን ትለቂያለሽ።

"አለት አይደለችም" አለች፤ "ጠጠር ናት፣ የድንጋይ ክምር።"
"ታዲያ በምን ታሰረች?" የገመድ ሰው ጥያቄ ነበር።
"በመሳሳብ ብቻ። ያውም በቀጭን፣ በለሆሳስ።
ቆመህ ብትዘልባት፣ ዳግመኛ አትመለስ።"
"ያለ ገመድ?"
"ያለ ገመድ።"
ሳቅኩ። ብረት ጨብጦ የኖረ ሌላ ምን ያምናል?
ክንድ የሚያህል ገመድ እያለ፣ በለሆሳስ ማን ይታሰራል?

መጀመሪያ አንዱ ሾለከ። ሦስት ወር ቆይቶ ሌላው።
ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የጫማዬን ክር ሳስረው፣
ተራራው የተናደ መሰለኝ፤ ቤቴ ተርገደገደ፤
ዘጠኝ መቶ ቶን ብረት ሳህናችን ላይ ወረደ።
ገመዱን እኔ ነኝ የቀባሁት። የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።
ውጩ ነጭ ነበር።
ውስጡን አልቀባሁ።

ሰባት ዙርሽ ሞላ፤ ለእኛ ስምንት ዓመት፣ ሦስት ቀን ሲቀር፤
መጣሽ። የሚጠራሽ የለም፤ ስብርባሪውን ሣር ውጦት ነበር።
ኔሬይዳ፣ ጡረተኛዋ፣ ከአጥሩ ዳር ወንበር ዘርግታ፣
እኔም ከጎኗ፣ ያዲየልም፣ የልጅ ልጇ፣ በዚያ ማታ።
በዓይን አትታዪም። ደመናም ነበር።

"አያቴ፣ ትወድቅብን ይሆን?"
"አትወድቅም።"
"በምን አወቅሽ?"
"ጠይቀናት ነበር። ነግራናለች።"

ከዚያ ተነሣች። መዳፎቿን ከአፏ ዙሪያ አጥራ
"ኦዬ!" አለች፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ተጣርታ።
ገደሉ ግን ቀደመ፤ ወዲያው "ኦዬ" አላት።
አልተቀመጠችም። በጣቷ ትቆጥራለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ኮኪዎቹ ግድ የላቸው፣ ይጮኻሉ፤
ልጁ እጇን ያያል፣ እኔ ጫማዬን።
ዐሥራ ሁለት ላይ የጎረቤት ውሻ ጮኸ።
"አቋረጥከኝ" አለችው፣
እንደገና ከአንድ ጀመረች።